ኤንጀል አሳዬ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ፣ መዳብ ልጨምር?

ድሬ_ጨው · ግንቦት 9፣ ማታ 3:20
ሰላም ቤተሰብ። ከድሬ ነኝ፣ ከዚራ። 300 ሊትር የባህር ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ክላውን አሳ፣ አንድ ሶሃል አሳ፣ ሁለት ሽሪምፕና ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች በሰላም እየኖሩበት ነበር። ከ12 ቀን በፊት ከጅቡቲ ኤንጀል መጣልኝ፣ ያ ሰማያዊ ሆኖ ጎኑ ላይ ቢጫ ያለበት። ዘመድ ነው በላስቲክ ቋጥሮ በአይስቦክስ ያመጣው። በመጣበት ቀን በላ። እኔም ደስ ብሎኝ ቀጥታ ከሌሎቹ ጋር ለቀቅኩት። (አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አትሳደቡ።)

ከሦስት ቀን ወዲህ ጎኑን ከድንጋዩ ጋር ያካል፣ አንድ አይኑ ጭጋግ የለበሰ መስሏል። ዛሬ ደግሞ ክንፉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አየሁ። ዕቃ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ‹መዳብ ጨምር፣ ያልቅለታል› ብሎ ጠርሙስ ሸጠልኝ። ጓደኛዬ ሙቀቱን 32 አድርገው አለኝ። ሌላው ነጭ ሽንኩርት አብላው አለ። ጠርሙሱ እጄ ላይ ነው። ልጨምር?

ሰቢያን84 · ማታ 3:41
ኧረ አቦ ጠርሙሱን አስቀምጠው! ሽሪምፕ አለኝ እያልክ መዳብ ልትጨምር? መዳብ ሽሪምፑንም ቀንድ አውጣውንም ይጨርስልሃል። ደግሞ ድንጋይህና አሸዋህ ኖራ ነው፣ መዳቡን ይመጠዋል። ጠዋት የለካኸው ማታ አታገኘውም፣ ትጨምራለህ፣ ከዛ ሌላ ቀን ድንጋዩ ቀስ እያለ ይተፋዋል። ከዛ በኋላ ያ ገንዳ ሽሪምፕ ማየት አቆመ በለው።

ሙቀት 32 ያለህ ሰው የጨዋማውን ከሌላው ጋር አምታቶብሃል። ሙቀት ጨምሮ ማከም የሚባለው ለወንዝና ለሐይቅ አሳ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ተውሳኩ ሌላ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥህ አስቀረው።

አሁን ይሄን መልስልኝ። ነጠብጣቡ ይቆጠራል ወይስ እንደ ዱቄት የተነሰነሰ ነው? አሳው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል? ፓምፑ ውሃ የሚተፋበት አጠገብ ይቆማል? መብራት ሲበራ ይደበቃል? የሌሎቹስ ሁኔታ?

ወርቅማ_አሳ · ማታ 3:55
እኔ ጎልድፊሽ ነው ያለኝ ግን 32 አድርገው ያልኩት እኔ አይደለሁም 😅 ለመማር ነው የገባሁት። ነጭ ነጠብጣብ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

ሰቢያን84 · ማታ 4:18
አይደለም እህቴ። ሰው አሳ የሚገድለው እዚህ ጋ ነው።

እንደ ጨው ፍሬ ተበታትኖ የሚቆጠር ከሆነ ክሪፕቶካርዮንን ጠርጥሪ፣ የባህር አሳ ነጭ ነጠብጣብ ተውሳክ ነው፣ ባጭሩ ክሪፕቶ። እንደ ስኳር ዱቄት የደቀቀ፣ ወርቃማ ብናኝ የመሰለ፣ በጎን በኩል ባትሪ ሲበራበት ብቻ የሚታይ ከሆነ ቬልቬት ነው፣ ሳይንሱ አሚሎዲኒየም ይለዋል። እሱ ቀልድ አያውቅም፣ በሁለት ሦስት ቀን ገንዳውን ባዶ ያደርገዋል። ክላውን ላይ ወፍራም ልጋግ እየተገፈፈ ከወረደ ብሩክሊኔላ ነው፣ ለሱ መዳብ ምንም አያደርግለትም፣ ፎርማሊን ነው። ጎኑ ላይ ቀይ ቁስል ከከፈተ ዩሮኔማ ሊሆን ይችላል። ማከክና የአይን መደብዘዝ ከሆነ ፍሉክ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ ትል። ክንፍ ጫፍ ላይ እንደ አበባ ጎመን ያበጠ ነጭ ነገር ደግሞ ቫይረስ ነው፣ ጥሩ ካበላሽውና ውሃው ንጹህ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

እና አንድ ነገር። ክሪፕቶ አሳው ላይ ከ3 እስከ 7 ቀን ገደማ ይበላል፣ ይጠግባል፣ ይወድቃል። አሸዋና ድንጋይ ላይ ሽፋን ሠርቶ ይቀመጥና ውስጡ ይባዛል። ሲፈነዳ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሾች ይወጣሉ፣ እነሱም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አሳ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚያገኘው እነዚህን የሚዋኙትን ብቻ ነው። አሳው ላይ ያለውን አይነካም፣ አሸዋው ላይ ያለውንም አይነካም። ስለዚህ ነጠብጣቡ በአራተኛው ቀን ሲጠፋ ሰው ‹ነጭ ሽንኩርቱ ሠራ!› ብሎ ይለጥፋል። አልሠራም። ሊባዛ ወርዶ ነው።

ድሬ_ጨው · ማታ 4:40
እሺ። ኤንጀሉ ላይ ያለው ይቆጠራል፣ አምስት ስድስት ቢሆን ነው፣ ያውም ከጨው ፍሬ ይበልጣል። ያካል። አይኑ ደብዝዟል። አተነፋፈሱ ያው ነው። ሶሃሉ ደህና ነው። ክላውኖቹም ደህና ናቸው። ሙቀት መጨመር አያስፈልገኝም፣ ያለ ማሞቂያ 30 ነው ወላሂ፣ የግንቦት ድሬ መሆኑን አትርሱ።

የባቡር_ልጅ · ግንቦት 10፣ ጠዋት 1:05
ልጄ፣ በመጀመሪያ 300 ሊትር ውስጥ ሶሃልና ኤንጀል አይኖሩም። ሶሃል 40 ሳንቲ ይደርሳል፣ ኤንጀሉ 50። አሁን ትንንሽ ስለሆኑ ነው። ይህን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

የምትለው ፍሉክ ይመስለኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ የቧንቧ ውሃ ነው። የድሬ ውሃ ከባድ ነው፣ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ፣ ለዚህ ሥራ ግን አይከፋም። በባልዲ ቅዳ፣ ኤር ፓምፕ እየሠራበት ይደር፣ ክሎሪኑ ይውጣ። ጠዋት ሙቀቱን ከገንዳህ ጋር እኩል አድርግ። ፒኤቹን ለካ፣ በቤኪንግ ሶዳ ወደ 8.2 አምጣው። ከዚያ አሳውን ለ5 ደቂቃ አስገባው። ሰዓት ይዘህ አጠገቡ ቁም፣ ስልክ አታንሳ። ከተንፈራገጠ ወይም ከዛለ አውጣው። መጀመሪያ ላይ ጎኑ ላይ መተኛቱ ግን አያስደንግጥህ።

ሳፋው ጥቁር ይሁን። ነጭ ሳፋ ላይ ምንም አታይም። ከሌለህ እኔ ጋ አለ፣ ለገሀር አካባቢ ነኝ፣ መጥተህ ውሰድ፣ ግን መልስ።

ድሬ_ጨው · ግንቦት 11፣ ከሰዓት 9:30
ጋሼ እጅዎን ይሳሙ!! ኧረ ጉድ ነው።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ጥቁሩ ሳፋ ውስጥ አስገባሁት። አንድ ደቂቃ፣ ምንም። ጎኑ ላይ ተኛ፣ ልቤ ቆመ። በሁለተኛው ደቂቃ ገደማ አይኑ ላይ የነበረው ጭጋግ ነጣ። ጭጋግ ነው ያልኩት ነገር ትል ነበር! ቀስ ብሎ ጠርዙ ተነሳ፣ እንደ ደረቀ ቅባት ተላቀቀና ወደ ታች ወረደ። ከዛ ከጎኑ፣ ከጅራቱ ስር፣ ከክንፉ። ምንም የሌለበት የመሰለኝ ቦታ ሁሉ ነጭ እየሆነ ወደቀ። ሲያልቅ የሳፋው ወለል ላይ ሰሊጥ የተበተነ መስሎ ነበር። 11 ቆጠርኩ። እናቴ አይታ ‹ይሄን ሳፋ እዚህ ቤት ዳግመኛ እንዳላየው› አለች። የሰው ሳፋ መሆኑን አልነገርኳትም።

አሳው ተመልሶ በላ። ዳንኩ ማለት ነው?

ሰቢያን84 · ከሰዓት 10:02
አልዳንክም። ትሎቹ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ ብርሃን የሚያሳልፉ ናቸው፣ ለዛ ነው ያላየሃቸው። ጨው የሌለው ውሃ ሲነካቸው ይነጣሉ። ግን እንቁላላቸው ክር አለው፣ ድንጋይና መረብ ላይ ይጣበቃል፣ የቧንቧ ውሃም የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴልም አይገድለውም። ለዛ ነው ፕራዚ ሁለት ጊዜ የሚሰጠው፣ ከ5 እስከ 7 ቀን አራርቆ፣ አዲስ የተፈለፈሉትን እንቁላል ሳይጥሉ ለመያዝ።

ወርቅማ_አሳ · ማታ 1:15
ፕራዚኳንቴል የቢልሃርዚያው ክኒን አይደል?

ጀጎል_ላብ · ማታ 1:50
ሰላም፣ ከሐረር። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፣ አሳ እንኳን በቅርቡ ነው የጀመርኩት። አዎ ያው ነው። ግን የሰው ክኒን ማጣበቂያና ሽፋን አለው፣ ውሃ ያደፈርሳል። ለአሳ ተብሎ የሚዘጋጅ ንጹህ ዱቄት ይሻላል፣ በሊትር 2.5 ሚሊግራም አካባቢ። ውሃ ውስጥ ደግሞ በቀላሉ አይሟሟም። ፈረንጆቹ በቮድካ ያሟሙታል። አረቄ ይሆናል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

የወባውን ክሎሮኪንም ለባህር አሳ የሚጠቀሙ አሉ። እኛ አገር ግን ለቫይቫክስ ወባ የምንሰጠው እሱን ነው፣ ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ለአሳ አይወሰድም። አንድ ነገር ግን ስለ ወባ ካነሳን፦ ክሎሪን እንዲወጣ የምታሳድሩትን ባልዲ በወንፊት ጨርቅ ክደኑት። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬን ያመሳት የስቴፈንሳይ ትንኝ የምትራባው የቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው።

ድሬ_ጨው · ግንቦት 14፣ ንጋት 11:50
ሰው አለ? አንዱ ክላውን ሞተ። አሁን ነው ያየሁት፣ ገና ለስላሳ ነው። ትናንት ማታ ሁለቱም ፓምፑ አፍ ላይ ቆመው ነበር፣ ‹ተጫወቱ› ብዬ አለፍኩ። አሁን የቀረው በጣም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልቆጥረው አልቻልኩም። በስልኬ ባትሪ ከጎን ሳበራበት ጀርባው ላይ እንደ ሽሮ ዱቄት ያለ ነገር አለ። ሶሃሉም መብራት ሳበራ ተደበቀ። የሞተውን ይዤ ሐረር ልምጣ?

ጀጎል_ላብ · ንጋት 11:58
አትምጣ! ደንገጎን ሳታልፍ ተውሳኩ ጥሎት ይሄዳል፣ የሞተ አሳ ላይ አይቆይም። እዛው ሰፈርህ ያለ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ የምታውቀው ሰው ፈልግ። የስንጥቡን (የመተንፈሻውን) መክደኛ አንሳ፣ ከቀዩ ላይ ጫፉን በትንሽ መቀስ ቁረጥ፣ ስላይድ ላይ አድርግ፣ የራሱን የገንዳ ውሃ አንድ ጠብታ ጨምርበት፣ በንጹህ ውሃ አይሆንም፣ ሽፋኑን አልብስ። በማይክሮስኮፑ 10 ኦብጀክቲቭ ጀምር።

ክብ ሆኖ በጸጉሩ እየቀዘፈ የሚሽከረከር ከሆነ ክሪፕቶ ነው። ልብ ወይ ኩላሊት መስሎ የሚንሸራተት ብሩክሊኔላ። ምንም የማይንቀሳቀስ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የእንቁላል ወይ የእንቡጥ ቅርጽ ያለው፣ ስንጥቡ ላይ የተተከለ ከሆነ ቬልቬት ነው። ለማረጋገጥ የሰገራ ምርመራ የሚሠሩበትን ሉጎል አዮዲን አንድ ጠብታ ጨምሩበት። ቬልቬት ውስጡ ስታርች ስላለው ይጠቁራል።

ድሬ_ጨው · ጠዋት 2:45
ቬልቬት ነው።

ጎረቤት ክሊኒክ የምትሠራ ልጅ አለች፣ የወባ ደም ፊልም እያነበበች ነበር። አሳ በማንኪያ ይዤ ስገባ የት ትሂድ። ተለምና አየችልኝ። ስንጥቡ ጣቶች ጣቶች ይመስላል፣ በየጣቱ መሃል ቡናማ እንቁላሎች ተሰክተዋል፣ አይንቀሳቀሱም። አዮዲኑ ሲነካቸው አንድ በአንድ ጠቆሩ። ‹ይሄማ ከወባ ይቀላል› አለችኝ። ከዛ ሁለት ነርሶች ጠርታ አሳየቻቸው።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ነጩን ነጥብ አይቼ ትል ሆኖ አገኘሁት፣ ትሉን አውቄ ተረጋጋሁ፣ ከስሩ ቬልቬቱ እየሠራ ነበር። ሁለት ተከራይ በአንድ ገንዳ ገብቶልኛል። አሁን ምን ላድርግ፣ ቶሎ።

ሰቢያን84 · ጠዋት 2:51
አሁን መዳቡን አንሳ። ግን ገንዳው ውስጥ አይደለም! ሁሉንም አሳ ዛሬውኑ አውጣ። ትልቅ ሳፋ ወይ በርሜል፣ አሸዋ የለም፣ ድንጋይ የለም፣ ለመደበቂያ ሁለት ሦስት የቧንቧ ቁራጭ በቂ ነው። ስፖንጅ ፊልተር፣ ኤር ፓምፕ፣ ክዳን።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብብ። ነጻ መዳብ ከሆነ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ነው። ኬሌትድ (ከሌላ ውህድ ጋር የታሰረ) ከሆነ ግን ወደ 2 ሚሊግራም ይደርሳል። አሥር እጥፍ ልዩነት ነው፣ እዚህ ተሳስተው የጨረሱ ስንት አሉ። በሁለት ሦስት ቀን ቀስ እያልክ አድርሰው፣ በቀን ሁለቴ ለካ። የመዳብ መለኪያ ከሌለህ አትጀምር።

የአትክልት መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ሰማያዊ ድንጋይ (መዳብ ሰልፌት) በቁንጥር የሚጨምር ሰው አይቻለሁ። ስሌቱን ስሙ፦ 120 ሊትር ሳፋ 24 ሚሊግራም መዳብ ነው የሚፈልገው፣ በመዳብ ሰልፌት 100 ሚሊግራም እንኳን አይሞላም። አንድ ቁንጥር ስንት እጥፉ እንደሆነ አስቡት።

ወርቅማ_አሳ · ጠዋት 3:10
ጨዉን መቀነስ ይሠራል የሚባለውስ? መድኃኒት የለውም አይደል?

ሰቢያን84 · ጠዋት 3:24
ለክሪፕቶ ይሠራል፣ ጨዋማነቱ በውሃው እፍጋት ሲለካ 1.009 ድረስ ወርዶ ለአንድ ወር ከቆየ፣ በደንብ በተስተካከለ ሪፍራክቶሜትር (የጨው መለኪያ)። ፍሉክንም ይጎዳል። ቬልቬት ግን አይሰማውም። ለክሪፕቶ ሌላም አለ፣ አሳውን በየ72 ሰዓቱ ወደ ደረቀና ንጹህ ሳፋ፣ ወደ አዲስ ውሃ፣ አራት ጊዜ ማዛወር። ተውሳኩ ሲወርድ አሳው ጥሎት ይሄዳል። መድኃኒት አይፈልግም ግን የጨው ዋጋው ያስለቅሳል። እና እባካችሁ የአፍዴራ ጨው ይሆናል ወይ የሚል እንዳይመጣ፣ አይሆንም፣ የወጥ ጨው ነው፣ የባህር ውሃ ውስጥ ማግኒዚየሙ ካልሲየሙ ሁሉ አለ።

የባቡር_ልጅ · ጠዋት 3:40
አባቴ ሽመንደፈር ሲሠራ ከጅቡቲ በባቡር በጀሪካን የባህር ውሃ ያመጣልኝ ነበር፣ ዋጋው ሻይ ነበር። ያ ጊዜ አለፈ።

ልጄ፣ መብራት ይጠፋብሃል። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ አዘጋጅ። ሙቅ ውሃ ኦክስጂን አይይዝም፣ ድሬ ደግሞ ከባህር 1200 ሜትር ከፍ ያለች ናት፣ ትንሽ እሱም ይቀንሳል። ቬልቬት የያዘው አሳ የሚሞተው ስንጥቡ ታፍኖ ነው፣ አየር የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

ድሬ_ጨው · ግንቦት 16፣ ሌሊት 8:10
ኤንጀሉንና ክላውኑን በዛው ቀን አወጣሁ። ሶሃሉን ለመያዝ ግን ድንጋዩን በሙሉ ማውጣት ነበረብኝ፣ ትናንት ከሰዓት ነው የተያዘው። ጅራቱ ስር ያለው ስለት እጄን ቀደደኝ፣ ጓንት አድርጉ።

አሁን መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሆነ። የባትሪው ፓምፕ አንድ ሰዓት ሠርቶ ዝም አለ። በጣሳ እየቀዳሁ ከላይ እያፈሰስኩ ነው። እኔ፣ እህቴና የእህቴ ባል በተራ። እናቴ ‹ለአያትህ እንዲህ አላደረግክም› እያለች ነው።

ድሬ_ጨው · ግንቦት 17፣ ጠዋት 12:30
መብራት መጣ። ሶሃሉ ሞተ። ሁለቱ አሉ።

የባቡር_ልጅ · ጠዋት 12:34
አይዞህ። የሞተውን ቶሎ አውጣ፣ አሞኒያውን ለካ። ውሃ ስትቀይር አዲሱ ላይ ያንኑ ያህል መዳብ አድርግ።

ድሬ_ጨው · ሰኔ 20፣ ማታ 2:00
ጠፋሁ ይቅርታ። ክላውኑና ኤንጀሉ በሕይወት አሉ። መዳቡን 30 ቀን ያዝኩት፣ ኬሌትድ ነበር፣ ደብተር ላይ ጠዋት ማታ እየጻፍኩ። ፕራዚውን በ10ኛውና በ17ኛው ቀን ሰጠሁ፣ ዱቄቱን ዘመዴ ከውጭ ልኮልኝ። በሰጠሁ ማግስት ውሃው ወተት ሆነ፣ ባክቴሪያ ነው መሰለኝ፣ አየር ጨምሬ አለፈ። አሁን ገንዳው ውስጥ ሽሪምፖቹ ብቻቸውን ነግሠዋል። አሳ መቼ ልመልስ? ቬልቬት 6 ሳምንት ይበቃዋል የሚል አንብቤያለሁ።

ሰቢያን84 · ማታ 2:15
76 ቀን ያዝ። ለቬልቬቱ ስድስት ሳምንት ይበቃ ይሆናል፣ ግን ክሪፕቶ አብሮ እንዳልነበረ ማን ያውቃል፣ የሱ ሽፋን ከ70 ቀን በላይ ቆይቶ የተፈለፈለበት ጊዜ ተመዝግቧል። የመጨረሻው አሳ ከወጣበት ቀን ጀምረህ ቁጠር። ከሳፋው ወደ ገንዳው መረብ እንዳታጋራ፣ እርጥብ እጅህም ያው መረብ ነው።

ድሬ_ጨው · ነሐሴ 1፣ ጠዋት 4:20
ሶሃሉ ከወጣ ዛሬ 76 ቀን። ክላውኑን መለስኩት፣ ቀጥታ ድሮ የሚተኛበት ጥግ ሄደ። ኤንጀሉን ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ሰጠሁት፣ ጋሼ እንዳሉት።

ዘመዴ ደግሞ ዛሬ ከጅቡቲ ደወለ፣ ቢራቢሮ አሳ አግኝቻለሁ ላምጣ ወይ ይላል። በርሜሉን አጥቤ አድርቄያለሁ፣ ስፖንጁን ገንዳው ውስጥ እያለማመድኩት ነው። ለሳምንት ብቻ ለይቼ ባቆየው በቂ ነው?

ሰቢያን84 · ጠዋት 4:31
ሳምንት? አቦ! ቢያንስ አንድ ወር። በገባበት ቀን ደግሞ የቧንቧ ውሃውን አትዝለል።

የባቡር_ልጅ · ጠዋት 4:50
የቧንቧ ውሃው ደህና። ሳፋዬስ?